መልስ፦ 6ኤል80 ሲንቀጠቀጥ በ6ኤል90 ልቀይረው ወይ?

ወንድሜ፣ የ2014 ሲልቬራዶ ፒክአፕህ ተጎታች ሲስብ በ60 ማይል ግድም እንደሚንቀጠቀጥ ጽፈህ 6ኤል80 የተባለውን ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮውን ጠንከር ባለው ወንድሙ በ6ኤል90 ልቀይረው ወይ ብለሃል። አትቸኩል። ሲንቀጠቀጥ ነዳጁን ሳትለቅ ፍሬኑን በግራ እግርህ በስሱ ንካው። ወዲያው ካቆመ ጥርጣሬው የቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ፍሪሲዮን ላይ ነው፤ ፍሬን ሲነካ ኮምፒውተሩ እሱን ይለቀዋልና። ካላቆመ የሞተሩን ካንዴላና ኮይል አስፈትሽ።

ኮንቨርተሩ ከሆነ ሳታቆይ አስወርደው። የሚላጠው ፍሪሲዮን ከዘይቱ ጋር ዞሮ የካምቢዮው ፓምፕና ቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ጠቁሮ የብረት ብናኝ ከያዘማ ኮንቨርተር ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፦ ካምቢዮው ይፈታ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውም አዲስ ይግባ። አሮጌው ውስጥ የቀረ ብናኝ አዲሱን ሥራ ያበላሸዋል። ዘይቱ ዴክስሮን 6 ብቻ ይሁን።

6ኤል90 የማርሽ ሬሾው ያው ነው (አንደኛው 4.03)፣ ስለዚህ የመነሻ ጉልበት አይጨምርልህም፤ የምትገዛው ጥንካሬ ነው። ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚረዝም ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ሻፍት መቆረጥ፣ ካምቢዮውን የሚሸከመው አግዳሚ ወደ ኋላ መሳብ አለበት፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ኮምፒውተርም ለመኪናህ የሚሆን ፕሮግራም ሊጫንበት ይገባል። አዘውትረህ ከባድ ጭነት ካልሳብክ በደንብ የታደሰ 6ኤል80፣ ጠንካራ ኮንቨርተርና ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ይበቃሃል።