አዲስ ሲስተም ለምታስገቡ ልጆች

ልጆቼ፣

እዚህ ድሬዳዋ በየመሥሪያ ቤቱ የወረቀቱን መዝገብ የሚተካ አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም የምታስገቡት እናንተ ናችሁ። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን በንብረትና በፋይናንስ ሥራ ስላሳለፍኩ ወረቀት ሰውን እንዴት እንደሚያደክም አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፤ "ትልልቆቹ ኮምፒውተር ይፈራሉ" ብላችሁ አትለፉ።

የንብረት ክፍሉን ጋሼ ተመልከቱ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለውን የገቢ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፤ ሲወጣ የወጪውን፣ ሞዴል 22ን። የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ በእጃቸው ጽፈው ቀሪውን ያሰላሉ። ሥራውን የያዙት ዋስ ጠርተው ነው። አንድ ጎማ ቢጎድል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፣ ከዚያም ዋሳቸው። "ካርዱን ይተዉት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ" ስትሏቸው ማስረጃዬን ሊወስዱብኝ ነው ብለው ይሰጋሉ። ቢሰጉ አይፈረድባቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስረጃውን አሳዩዋቸው። ራሳቸው ያስገቡትን ዕቃ ራሳቸው ይፈልጉት። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንዳወጣ ከነስሙ ይዩት። ፕሪንት አድርገው ይፈርሙበትና ፋይላቸው ውስጥ ይክተቱት። የሰው ልብ የሚረጋው እዚህ ጋ ነው። ማውሱን ከእጃቸው አትንጠቁ። ቀስ ቢሉም ጠብቋቸው፤ አቦ፣ ምን ያስቸኩላችኋል!

"ፓስወርዴን ያዝና አንተው አስገባልኝ" የሚላችሁ አይጠፋም። በፍጹም እሺ እንዳትሉ። በስማቸው የገባ ሁሉ በእሳቸው ላይ ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ድርብ ሥራ ነው። "ለጊዜው በወረቀቱም በሲስተሙም ሥሩ" ይባላል፤ ዓመት ያልፋል። ሠራተኛው ሲስተሙን የሚጠላው ያኔ ነው፤ እውነቱን ነው፣ ሥራው እጥፍ ሆኖበታል። ወረቀቱ የሚቆምበት ቀን በኃላፊው ፊርማ በደብዳቤ ይውጣ። የውስጥ ኦዲትም አስቀድሞ ይስማማበት። ኦዲተሩ የድሮውን ቅጽ እየጠየቀ ማንም ካርዱን አይተውም።

ሥልጠናውን ጠዋት አድርጉት፤ የድሬን የከሰዓት ሙቀት ታውቁታላችሁ። አማርኛው የማይመቸው ካለ በኦሮምኛም በሶማልኛም አስረዱ፤ የድሬ ልጅ ለዚህ አይቸገርም።

ሰኔ ላይ ግን እንዳትጀምሩ። ሒሳብ የሚዘጋበት፣ ንብረት የሚቆጠርበት ወር ነው፤ ማንም አይሰማችሁም። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ፣ ጋሼ የፈረሙበት የቆጠራ ቁጥር የሲስተሙ መነሻ ይሁን። ቆጠራው ሳያልቅ አንድም ዕቃ ሲስተሙ ላይ አታስገቡ።