ዕውቀቱ ራሱ ነው ወይስ የእርሱ?

ሰሞኑን ስለ አላህ ባሕርያት፣ ዑለማው «ሲፋት» ስለሚሉት ጉዳይ፣ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አራቱን ዛሬ እንያቸው።

ጥያቄ፦ አላህ ዐዋቂና ቻይ መሆኑን ሁሉም ሙስሊም ያምናል። ታዲያ የጥንት ዑለማ ምን አከራከራቸው?

መልስ፦ «ዐዋቂ ነው» በሚለው ላይ ጠብ የለም። ጠቡ ስለ ዕውቀቱ ምንነት ነው። አንድን ሰው ዐዋቂ ስንል፣ ሰውየው ሌላ ዕውቀቱ ሌላ ነው። ትናንት አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ተማረ፤ ነገ ሊረሳ ይችላል። አላህ ዘንድስ? ዕውቀቱ ከእርሱ የተለየ፣ ግን እንደ እርሱ መጀመሪያ የሌለው ከሆነ፣ ከአላህ ጋር ሌላ ቀዳማዊ ነገር አለ ማለት ነው። ሙዕተዚላዎችን፣ ማለትም በዐቅል (በአእምሮ ሙግት) የሚተማመኑትን የጥንት የእምነት ሊቃውንት፣ ያስደነገጣቸው ይሄ ነው። ተውሒድ፣ የአላህ አንድነት፣ ተነካ አሉ። ከእነርሱ አንዱ፣ የበስራው አቡል ሁዘይል፣ መውጫ ፈለገ፦ አላህ በዕውቀት ያውቃል፣ ያ ዕውቀት ግን ራሱ አላህ ነው።

አሽዓሪዎች የሚባሉት ወገን በስማቸው የሚጠራው አቡል ሐሰን አል-አሽዓሪ ኋላ የመለሱለት መልስ እኔን ሁሌ ይገርመኛል። እንዲያ ከሆነ «የአላህ ዕውቀት ሆይ፣ ማረኝ» ብለህ ዱዓ አድርግ አሉት። ማንም እንዲህ ብሎ አይለምንም። ምላስ እንኳ እምቢ ይላል።

ጥያቄ፦ አሽዓሪዎች ባሕርያቱ «እርሱም አይደሉም፣ ከእርሱም ሌላ አይደሉም» ይላሉ። ይሄ እርስ በርሱ አይጋጭም?

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ ሳነበው የተጋጨ መስሎኝ ነበር። ቁልፉ «ሌላ» የሚለው ቃል ነው። እነርሱ ዘንድ ሌላ ማለት አንዱ ያለ አንዱ ሊኖር የሚችል ማለት ነው። የአላህ ዕውቀት ከአላህ አይለይም፤ ስለዚህ ሌላ አይደለም። ግን «ዕውቀት» ማለትና «አላህ» ማለት አንድ ትርጉም የላቸውም፤ ስለዚህ እርሱ አይደለም። አል-አሽዓሪ ራሳቸው እስከ 40 ዓመታቸው ገደማ ሙዕተዚላ ነበሩ። የሚከራከሩት ከማያውቁት ሰፈር ጋር አልነበረም።

ጥያቄ፦ ይህ የሊቃውንት ወሬ ተራውን ሰው ምን ነካው?

መልስ፦ ጅራፍ ድረስ ነክቷል። ንግግርም ከሲፋት አንዱ ነው፤ ቁርኣን ደግሞ የአላህ ንግግር ነው። ሙዕተዚላዎች ንግግሩ ፍጡር ነው አሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ833 ኸሊፋው አል-መእሙን ቃዲዎችንና የሐዲስ ሊቃውንትን እንዲህ በሉ ብሎ አስገደደ። ብዙዎቹ ፈርተው እሺ አሉ። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል እምቢ አሉ። በሰንሰለት ታስረው ወደ እርሱ ሲወሰዱ ኸሊፋው ሞተ። ተተኪው አል-ሙዕተሲም አስገረፋቸው። ከቁርኣን ወይም ከሱና ማስረጃ አምጡልኝ ከማለት ግን ፈቀቅ አላሉም። ዐቅልን ከሁሉ በላይ ያከበረ ወገን በጅራፍ ለማሳመን መሞከሩ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ «የአላህ እጅ» እና «ዐርሽ (ዙፋን) ላይ» የሚሉትን የቁርኣን አንቀጾች እንዴት ተረዷቸው?

መልስ፦ ሙዕተዚላዎችና ኋለኞቹ አሽዓሪዎች እጅን ችሎታ ወይም ጸጋ ብለው ተረጎሙ። ቀደምቶቹ ግን እንደመጣ ተቀብለው «እንዴት?» አይሉም። አንድ ሰው መዲና ውስጥ ኢማም ማሊክን ስለ ዐርሹ አንቀጽ «እንዴት?» ብሎ ጠየቃቸው። አንገታቸውን ደፉ፤ ላብ አጠመቃቸው። ቃሉ የታወቀ ነው፣ እንዴትነቱ አይደረስበትም፣ ማመኑ ግዴታ ነው፣ መጠየቁ ቢድዓ (በሃይማኖት ውስጥ አዲስ ፈጠራ) ነው አሉት። ከዚያም ሰውየውን አስወጡት።