«የሁለት ከተሞች ታሪክ»ን ስታጠኚ ዕቃዎቹን ተከተያቸው

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። የቻርልስ ዲከንስን «የሁለት ከተሞች ታሪክ»፣ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን በለንደንና በፓሪስ የሚካሄደውን ልብ ወለድ፣ ለፈተና እያጠናች ነው። «ወይን ጠጅ የደም ተምሳሌት ነው፣ ሹራብ የዕጣ ፈንታ ተምሳሌት ነው» የሚል ዝርዝር ሸምድዳለች። መምህሯ ግን ጽሑፏን «ይሄ ዝርዝር ነው፤ ትንታኔው የታለ?» ብለው መለሱላት። እንዴት ላጥና ነው የምትለው።

ይህን ልብ ወለድ ከተማሪዎች ጋር ለዓመታት ሳነብ ኖሬአለሁ። መምህርሽ እውነታቸውን ነው። ዝርዝሩ ስህተት የለበትም። ግን መጽሐፉን ያልገለጠ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ፈታኝ ደግሞ ይህን ሁለት መስመር አንብቦ ያውቃል።

የምመክርሽ አንድ ዕቃ መርጠሽ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው እንድትከተዪው ነው። ማን እጅ ላይ ነበር? ቀጥሎ ማን እጅ ገባ? ተመልሶ ሲመጣ ምኑ ተለውጧል? ለእያንዳንዱ ዕቃ ደብተርሽ ላይ አንድ ገጽ ስጪ። ዲከንስ ታሪኩን በ1859 ያወጣው በሳምንታዊ መጽሔቱ ላይ በተከታታይ ነበር። ሳምንት ቆይቶ የሚመለስ አንባቢ የሚያስታውሰው ነገር ይፈልጋል። ዕቃዎቹ እየደጋገሙ ብቅ የሚሉት በከፊል ለዚህም ይመስለኛል።

ወይን ጠጁን እንይ። አንደኛ መጽሐፍ (ልብ ወለዱ «መጽሐፍ» በሚባሉ ሦስት ክፍሎች ተከፍሏል)፣ ምዕራፍ 5፤ ጊዜው 1775 ነው። ፓሪስ፣ ሴንት አንትዋን ሰፈር፣ አንድ በርሜል ወድቆ ይሰበራል። ሕዝቡ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ከመንገዱ ድንጋይ ላይ በእፍኙ እየጨለፈ ይጠጣል፣ ይስቃል፣ ይጨፍራል። አንዱ ረጅም ሰውዬ ጣቱን አተላው ውስጥ ነክሮ ግድግዳ ላይ «ደም» ብሎ ይጽፋል። አብዛኛው ተማሪ እዚህ ጋ «ወይን ማለት ደም» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። አንቺ አትዝጊ። እዚህ ሕዝቡ ማንንም አልገደለም። ርቦታል፣ በቃ። ምዕራፉን ስታነቢ ረሃብ የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ እያሰመርሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ሦስተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 2 እለፊ። መስከረም 1792፣ የእስረኞቹ ጭፍጨፋ ጊዜ ነው። ቴልሰን የተባለው የእንግሊዝ ባንክ ባለበት የፓሪስ ግቢ ውስጥ ሰዎች ትልቅ መሳያ ድንጋይ እያሽከረከሩ መሣሪያ ይስላሉ። ሴቶች ወይን ጠጅ ወደ አፋቸው እያስጠጉ ያጠጧቸዋል። ወይኑም ደሙም አብሮ ይንጠባጠባል። በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ስድስት ጋሪዎች «የዕለቱን ወይን ጠጅ»፣ ማለትም የሚገደሉትን ሰዎች፣ አንገት ወደሚቆርጠው ማሽን ወደ ጊሎቲን ይወስዳሉ። አየሽ፣ ጠጪው ተቀየረ። መጀመሪያ የራበው ሕዝብ ጠጣ፤ በኋላ ገዳዩ ጠጣ፤ መጨረሻ ላይ ማሽኑ ጠጣ። ትንታኔ ማለት ይህቺን ለውጥ ማሳየት ነው።

ብዙዎች የሚያልፉት ሌላም አለ። ሲድኒ ካርተን ከመጀመሪያ ጀምሮ የለየለት ሰካራም ነው። የሚወዳትን የሉሲን ባል ለማዳን በእሱ ፋንታ ሊሞት ሲወስን ግን ጠንከር ያለውን መጠጥ ይተዋል። ፓሪስ በሰከረችበት ሰዓት እሱ ስካሩ ይለቀዋል። እኔ ፈታኝ ብሆን ይህን ላስተዋለ ተማሪ ነጥብ አልሰስትም።

ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ የጋሪው ጉዳይ ነው። ዝርዝሮቹ ላይ ብዙም አታገኚውም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ ያ ታዋቂው መክፈቻ ካለፈ በኋላ፣ ሁለት ሠራተኞች ይመጣሉ። እንጨት ቆራጩ ዕጣ ፈንታ ነው፤ ጊሎቲን የሚሠራባቸውን ዛፎች ምልክት አድርጎባቸዋል። ገበሬው ሞት ነው፤ ጭቃ የለበሱ የእርሻ ጋሪዎችን ለአብዮቱ ለይቷል። ሁለቱም ድምፃቸውን አጥፍተው ይሠራሉ።

በሁለተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 7 የማርኪ ኤቭሬሞንድ (ማርኪ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ሰረገላ በጠባብ መንገድ ሲከንፍ ሕፃን ገጭቶ ይገድላል። ማርኪው ወርቅ ይወረውርላቸዋል፤ የሚያሳስበው ፈረሶቹ መጎዳታቸው ነው። የልጁ አባት ጋስፓር ነው፣ ያ በወይን ጠጅ አተላ የጻፈው ሰውዬ። ሳንቲሙ ተመልሶ ሰረገላው ውስጥ ይወረወራል። ማርኪው ዞር ሲል ቆማ ሹራብ የምትሠራ ሴት ያያል። ሰረገላው፣ ወይኑና ሹራቡ እዚህች ቦታ ይገናኛሉ። አንድ ምዕራፍ ብቻ በደንብ ላጥና ካልሽ ይህን ምረጪ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ተራኪው የሞት ጋሪዎቹን አይቶ፣ ጊዜ ወደ ቀድሞ መልካቸው ቢመልሳቸው የነገሥታትና የመኳንንት ሰረገላዎች ሆነው ይታያሉ ይላል። እዚያው ላይ ደግሞ ሐሳቡን ፊት ለፊት ይናገራል፤ የሰውን ልጅ ዳግም በተመሳሳይ መዶሻ ብትቀጠቅጡት ያንኑ የተጣመመ መልክ ይይዛል ይላል። የመጽሐፉ ዋና ጭብጥ ለእኔ ይህ ነው። ዲከንስ ጊሎቲኑን ይጠላል፣ ሕዝቡ መንጋ ሲሆን ይፈራዋል። ግን ጋሪውን ማን እንደሠራው አይረሳም። «ዲከንስ የአብዮቱ ደጋፊ ነው ወይስ ተቃዋሚ?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ አንዱን ወገን ይዘሽ አትሩጪ። ጋሪውን ይዘሽ መልሺ።

ሹራቡን በተመለከተ «ዕጣ ፈንታ» ማለቱ ብቻ አይበቃም። ያቺ ማርኪው ያያት ሹራብ ሠሪ ማዳም ዴፋርዥ ናት፣ የሴንት አንትዋን ወይን ቤት ባለቤት ሚስት፤ የምትሠራው ሹራብ መዝገብ ነው። የሚሞቱት ሰዎች ስም በምስጢር ይሰፍርበታል። ለምን እንዲህ እንደጨከነች የምናውቀው ዘግይተን፣ በሦስተኛው መጽሐፍ ነው። የኤቭሬሞንድ ወንድማማቾች ያጠፉት ቤተሰብ የእሷ ነበር። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ሹራቡን ስታዪው ክፋት ብቻ አይመስልሽም። በሌላ በኩል የሁለተኛው መጽሐፍ ርዕስ «የወርቅ ክር» ነው፤ የሉሲ ፀጉር ማለት ነው። አባቷ ዶክተር ማኔት በእስር ቤት ሳለ ጥቂት የሚስቱን የፀጉር ዘለላዎች በጨርቅ ቋጥሮ አንገቱ ላይ ይዞ ነበር። ሉሲን የሚያውቃትም በዚያ ነው። አንዱ ክር ሰው ከሰው ያገናኛል፣ ሌላው ስም ይዞ ለሞት ያቀብላል። ሁለቱም የተሠሩት በትዝታ ነው፤ እንዲህ አድርገሽ አነጻጽሪያቸው። (በነገራችን ላይ ሉሲ እንደ ገጸ ባህሪ ለእኔ ሳሳ ትልብኛለች። ማዳም ዴፋርዥ ግን ገና ስትገባ ክፍሉን ትሞላዋለች።)

ከሞት መመለስን በተመለከተ የማኔትንና የካርተንን ታሪክ ሁሉም ይጽፋል። አንዱ ከ18 ዓመት እስር ወጣ፣ ሌላው «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» የሚለውን የዮሐንስ ወንጌል ቃል እያሰበ ሞተ። አንቺ ጄሪ ክራንቸርን ጨምሪበት። ቀን የባንክ ተላላኪ፣ ማታ መቃብር ቆፍሮ አስከሬን የሚሸጥ ሰው ነው። ዲከንስ ያንን ትልቅ ሐሳብ በቀልድና በጭቃ ለውሶ አቀረበው ማለት ነው። ቀልዱም ባዶ አይደለም፤ ክራንቸር ባዶ ሆኖ ያገኘው የሬሳ ሣጥን በኋላ ለካርተን እቅድ መንገድ ይከፍታል።

ማኔት እስር ላይ ሳለ ጫማ መስፋት የለመደበት መስፊያስ? እሱን ባጭሩ ያዢው። ልቡ በተሰበረ ቁጥር ወደዚያ ይመለሳል። የባንኩ ሰው ሚስተር ሎሪና የሉሲ ሞግዚት ሚስ ፕሮስ መስፊያውን ሰባብረው ሲያቃጥሉት ወንጀል የሠሩ ያህል ይሰማቸዋል። ከዚህ በላይ ብዙ መለጠጥ አያስፈልግም።

ጽሑፍሽን ስትጀምሪ «በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ብዙ ተምሳሌቶች አሉ» አትበዪ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሞክሪ፦ «የሕዝቡን ልጅ የገደለው ሰረገላ በመጨረሻ መኳንንቱን ወደ ሞት የሚወስድ ጋሪ ሆኖ ይመለሳል፤ በዚህም ዲከንስ ጭካኔ ባለቤቱን ይለውጣል እንጂ እንደማይጠፋ ያሳያል።» ከዚያ ሦስት ቦታ ጠቅሰሽ አስረጂ። ሦስት በደንብ የተብራሩ ቦታዎች ከአሥር ተምሳሌቶች ዝርዝር ይሻላሉ።

ጊዜ ካጠረሽ ከአንደኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 1ንና 5ን፣ ከሁለተኛው 7ንና 14ን፣ ከሦስተኛው 2ን፣ 10ንና 15ን ድገሚ። የሦስተኛው ምዕራፍ 10 ማኔት እስር ቤት ሆኖ የጻፈው፣ የኤቭሬሞንድ ወንድማማቾችን ወንጀል የሚያጋልጠው ደብዳቤ ያለበት ነው፤ እሱን ሳታነቢ ስለ ማዳም ዴፋርዥ ምንም አትጻፊ።