አይዳን ከመዝፈናችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ድምፅ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። በየጊዜው አንዱ ተማሪ ዓይኑ እያበራ ይመጣና «ስለ እኛ የተሠራ ኦፔራ አለ እኮ!» ይለኛል። የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቬርዲን «አይዳ» የተባለ በዘፈን የሚቀርብ ቲያትር ማለቱ ነው። ደስታውን ማደፍረስ አልወድም። ግን «ማን ከፈለበት?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ኦፔራ ድሮም ያለ ከፋይ አልኖረም። መጀመሪያ የጣሊያን መሳፍንት መዝናኛ ነበር። በ1637 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቬኒስ ላይ ትኬት ለቆረጠ ሁሉ ተከፈተ። «አይዳ»ን ያሠራው ደግሞ የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ነው። ካይሮን ፓሪስ ሊያስመስላት ይመኝ ነበር። በ1869 ኦፔራ ቤት ከፈተ፤ ለቬርዲም 150 ሺህ ፍራንክ ከፈለ። አልባሳቱ ፓሪስ ሲሠራ ከተማዋ በፕሩሲያ ጦር ተከበበችና እዚያው ታግቶ ቀረ። ስለዚህ ኦፔራው ዘግይቶ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ታየ።

አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ግብፅ ውስጥ ግን ባሪያ። ሁለተኛው ገቢር ላይ የግብፅ ጦር ድል አድርጎ በመለከት ይገባል፣ አባቷም ከምርኮኞቹ መሀል ነው። ያው እስማኤል አራት ዓመት ቆይቶ እውነተኛ ጦር ላከብን። በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። መለከት የሚነፋለት አልተገኘም። (ይህን ስጽፍ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም።)

አንዷ ተማሪዬ ይህን ሰምታ ኖታውን አጠፈችው። «ታዲያ አልዝፈነው?» አለች ቅር ብሏት።

ዝፈኚው እንጂ! ሦስተኛውን ገቢር አውጪ አልኳት። ሌሊት ነው፣ አባይ ዳር። ኦቦ የምትባለው የትንፋሽ መሣሪያ ታንጎራጉራለች። አይዳ «አገሬን ዳግም አላይም» ትላለች። በእስማኤል ገንዘብ፣ የግብፅን ድል በሚያሳይ መድረክ ላይ፣ ጣሊያናዊው ሰውዬ አንጀት የሚበላውን ዜማ የሰጠው ለተሸነፈው ወገን ልጅ ነው። ለእኔ የኦፔራው ልብ እዚያ ነው።

ወደ መጨረሻው ድምፁ እስከ ላይኛው ዶ፣ በጣም ከፍ ወዳለው ኖታ ይወጣል። ወጣቶች እዚያ ሲደርሱ ይጮኻሉ። ቬርዲ ግን «ዶልቼ» ብሎ ጽፎበታል፣ በለስላሳ እንደማለት። ማይክ በሌለበት፣ ከኦርኬስትራው በላይ እየተሰሙ ለስላሳ መሆን ዓመታት ይፈጃል።

ሞከረችው። ዶው ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ውሃ ጠጣች፤ እኔም የኦቦውን ዜማ ፒያኖ ላይ እንደገና ጀመርኩላት።