ሜዳሊያውን ከበረራ መዝገቡ አትነጥለው

ወዳጄ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊ አብራሪ ሜዳሊያዎችና የበረራ መዝገብ እጅህ ገብተው፣ ለየብቻ ልሽጣቸው ወይ ብለሃል። እኔ ብሆን በፍጹም አልነጣጥላቸውም። በ1918 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመኮንኖቹ ዲኤፍሲ መስቀል (በበረራ ላይ ለታየ ጀግንነት የሚሰጥ ሽልማት) በዚያ ጦርነት ሲሰጥ የተሸላሚው ስም አይቀረጽበትም ነበር። ጀርባው ላይ የሚቀረጸው የተሸለመበት ዓመት ብቻ ነበር። በጦርነቱ ላገለገሉ የተሰጠው የ1939-45 ኮከብ የተባለው ሜዳሊያም እንደዚያው ስም የለውም። ስለዚህ መስቀሉ ብቻውን የማንም ሊሆን ይችላል፤ አጭበርባሪም የሚወደው ይህንን ነው። ከመኮንን በታች ለነበሩት ይሰጥ የነበረው የበረራ ጀግንነት ሜዳሊያ፣ ዲኤፍኤም፣ ግን ጠርዙ ላይ ስምና የአገልግሎት ቁጥር አለው። የበረራ መዝገቡ ቀኑን፣ የአውሮፕላኑን ዓይነትና ተልዕኮውን ይነግርሃል። ሽልማቱ የብሪታንያ መንግሥት ይፋዊ ጋዜጣ በሆነው በለንደን ጋዜት ስለሚታወጅ ከዚያ ጋር አመሳክረው። ደግሞ አደራ፣ የሜዳሊያውን ብር ፈትገህ እንዳታብለጨልጨው! የደበዘዘውንም ጥብጣብ በአዲስ አትቀይር።