የሟች ቤት ከመግዛትዎ በፊት፦ የየስቴቱ ሕግ ምን ይላል? ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በፕሮቤት (በፍርድ ቤት ሥር በሚካሄድ የውርስ ማጣራት) ላይ ያለ ቤት ለመግዛት ካሰቡ ከዋጋው በፊት የሚጣራው በሕግ ፈርሞ መሸጥ የሚችለው ማን እንደሆነ ነው። መልሱ ከስቴት ስቴት ይለያያል።

ጥያቄ፦ ሟች ይኖሩ የነበረው ሜሪላንድ ነው፤ ቤቱ ግን ቨርጂኒያ ነው። የየትኛውን ስቴት ሕግ ልከተል?

የቨርጂኒያን። ቤትና መሬት የሚዳኘው ባለበት ስቴት ሕግ ስለሆነ የሜሪላንድ የሹመት ደብዳቤ (የውርስ አጣሪ መሾሙን የሚያሳየው ወረቀት) ብቻውን አይበቃም። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ቤቱ ባለቤቱ እንደሞቱ በቀጥታ ወደ ወራሾች ያልፋል። ኑዛዜው ለአስፈጻሚው የመሸጥ ሥልጣን ካልሰጠው ሻጮቹ ወራሾቹ ሁሉ ናቸው፤ የአንዱ ፊርማ ከጎደለ የእሱ ድርሻ ከእጅዎ ውጭ ይቀራል። ሌላም አለ፦ ወራሾቹ ራሳቸው ሟች ካረፉ ዓመት ሳይሞላ ከሸጡ፣ የሟች አበዳሪዎች ቤቱን ተከትለው ሊመጡ ይችላሉ። ታይትል ኩባንያዎች (የቤቱን ባለቤትነት አጣርተው ለገዢው ዋስትና የሚሰጡት) በዚያ ዓመት ውስጥ ኢንሹራንስ ለመስጠት የሚያንገራግሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ታይትል ኩባንያውን «በዚህ ሁኔታ ትሸፍኑኛላችሁ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቤቱ ሜሪላንድ ቢሆንስ?

ይቀላል። ፋይሉ የሚከፈተው በካውንቲው ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ (የኑዛዜ መዝገብ ቢሮ) ነው። የተሾመው የውርስ አጣሪ ኑዛዜው ካልከለከለው በቀር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሸጥ ይችላል። ኑዛዜውን ያንብቡ፤ የሹመት ደብዳቤውም ያልተሻረ መሆኑን ከዚያው ቢሮ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከአጣሪው ጋር በ500,000 ዶላር ተስማማን። «ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል» አሉኝ። አለቀ ማለት ነው?

ገና ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አጣሪው ሙሉ ሥልጣን ካለው ለባለ ጉዳዮች የ15 ቀን ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ተቃዋሚ ካልመጣ ሽያጩ ያልፋል። ሥልጣኑ የተገደበ ከሆነ ግን ችሎት ይቀርባል። ያቀረቡት ዋጋ የፕሮቤት ገማቹ ከተመነው ቢያንስ 90 በመቶ መሆን አለበት። ይህንን ቢያሟሉም እዚያው ችሎት ላይ ማንም ሰው ዋጋ ጨምሮ ሊወስድብዎት ይችላል። የመጀመሪያው ጭማሪ ዝቅተኛ መጠን በሕግ ተቆርጧል፦ ከመጀመሪያው 10,000 ዶላር 10 በመቶ፣ ከቀረው 5 በመቶ። በእርስዎ ዋጋ 1,000 እና 24,500 ዶላር ማለት ነው፤ ስለዚህ ተፎካካሪዎ ከ525,500 ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መጫረት ይችላሉ፤ ጣሪያዎን ግን ቤትዎ ሆነው ይወስኑ። እንዲህ ያለው ሽያጭ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ቀብድ ይጠይቃል፤ «ብድር ካልተፈቀደልኝ እወጣለሁ» የሚል ቅድመ ሁኔታም አይቀበልም። ብድሩ ያልተረጋገጠለት ሰው ባይገባበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከወራሾቹ አንዷ አዲስ አበባ ነው ያሉት። ውክልና ይበቃል?

ይበቃል፤ ግን አጠቃላይ ውክልና አይሁን። ቤቱን በሕጋዊ መግለጫው የሚጠቅስ፣ መሸጥንና ዲድ (የባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ) መፈረምን በግልጽ የሚፈቅድ፣ በካውንቲው መዝገብ ሊመዘገብ የሚችል መሆን አለበት። ረቂቁን መጀመሪያ ታይትል ኩባንያው ይየው፤ ከዚያ ወራሿ በአሜሪካ ኤምባሲ የኖተሪ አገልግሎት ይፈርሙ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ወረቀቱ ውድቅ ተደርጎ ወራት ይባክናሉ።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ግብሩን ነው። ወራሿ ለግብር ሕጉ የውጭ ሰው ከሆኑና እንደ ቨርጂኒያው በራሳቸው ስም ከሸጡ፣ እርስዎ ከድርሻቸው ዋጋ 15 በመቶ ቀንሰው በፎርም 8288 ሽያጩ በተፈጸመ በ20 ቀን ውስጥ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) መላክ አለብዎት። ካልቀነሱ ተጠያቂው ገዢው ነው። እስከ 300,000 ዶላር ላለ ቤት የተሰጠው ነጻነት ሊኖርበት ለሚገዛ ሰው እንጂ ሊያከራይ ወይም መልሶ ሊሸጥ ለሚገዛ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአምስት ወንድማማቾች አንዱ ድርሻውን በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ገዝቼ ሌሎቹን በፍርድ ቤት ላስገድድ?

እንዲያደርጉት አልመክርም። ይህ መንገድ የለቅሶ ቤት ሰዎችን ከወላጅ ቤታቸው ማፈናቀያ ሆኖ ስለተገኘ ጆርጂያ፣ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ቨርጂኒያን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች የጋራ ወራሾችን የሚጠብቅ ሕግ አውጥተዋል። ይሸጥልኝ ብለው ክስ ሲያቀርቡ ቤቱ በፍርድ ቤት ይገመታል፤ ሌሎቹም የእርስዎን ድርሻ በዚያ ግምት የመግዛት ቅድሚያ አላቸው። ከአምስቱም ጋር በግልጽ ተነጋግሮ አንድ ውል መፈራረም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሟች በሜዲኬይድ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በሚከፍለው የጤና መድን) ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ነበሩ። ያሳስበኛል?

አዎ። ከ1993 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ስቴቶች ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ለነርሲንግ ሆም ያወጡትን ከውርሱ እንዲያስመልሱ ያዛል፤ የትዳር ጓደኛ በሕይወት እስካለ ግን አይጠየቅም። ስቴቱ ጥያቄ ማቅረብ አለማቅረቡን ከፕሮቤት ፋይሉ ይዩ፤ ካቀረበ ሽያጩ በሚፈጸምበት ቀን ከሽያጩ ገንዘብ እንዲከፈልና የነጻ መሆን ደብዳቤ እንዲሰጥ በውሉ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ቤቱን ራሴ ሳልገዛ የግዢ ውሉን ብቻ ይዤ ለሌላ ሰው ባስተላልፍስ?

መጀመሪያ የስቴቱን የፈቃድ ሕግ ይመልከቱ። ለምሳሌ ኢሊኖይ ውስጥ በ12 ወር ከአንድ ጊዜ በላይ ይህን የሚሠራ የሪል እስቴት ላይሰንስ ያስፈልገዋል።