ለወጣት መሐንዲሶች፦ ምክንያታችሁን በዕለቱ ጻፉ

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ከስህተት መማር እንደሚገባ የማይነግራችሁ የለም፤ በእኛ በግንባታ ሙያ ግን ስህተት በተሠራበት ቀን አይታይም። አርማታ ሲሞላ የሚወሰደው ናሙና በ7ኛው ቀን በላቦራቶሪ ማሽን እስኪሰበር ተጨምቆ የጥንካሬውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢያሳይም፣ ፍርዱ የሚሰጠው በ28ኛው ቀን ነው። እስከዚያው ሠራተኛው ይቀየራል፣ የመሐንዲሱም ትዝታ ይለወጣል።

ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሲመጣ የሚደረገውን ስብሰባ አውቀዋለሁ፦ ፎርማኑ ሲሚንቶውን፣ መሐንዲሱ ላቦራቶሪውን ይወቅሳል። ማንም እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በርትታ ድብልቁ ሲጠጥር፣ ጋሪ ገፊዎቹ «አልፈስ አለን» ብለው አንድ ባልዲ ውሃ ሲጨምሩ አይቶ ዝም ያለ መሐንዲስ፣ ከወር በኋላ ያን ባልዲ ከልቡ ረስቶታል። ትርፉ ውሃ ግን በደረቀ ጊዜ ክፍተት ትቶ ስለሚሄድ አርማታውን ማዳከሙ አይቀርም።

የሳይት መዝገብ የሲሚንቶውን ብዛትና የአየሩን ጠባይ ይይዛል፤ ለምን እንደወሰናችሁ ግን አይጠይቅም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሊያውቀው የሚገባውን ሁሉ እዚያው አስፍራችሁ፣ ለራሳችሁ ደግሞ ሌላ ደብተር ያዙ። ማታ ከሳይት ሳትወጡ የወሰናችሁትን፣ ምክንያታችሁን፣ የጠረጠራችሁትንና የምትጠብቁትን ውጤት ጻፉ። (ይህን ደብተር ለማንም አታሳዩ፤ አለቃ እንደሚያነበው ያወቀ ሰው ራሱን ማሳመር ይጀምራል።) ውጤቱ ሲደርስ ወደ ስብሰባው ከመግባታችሁ በፊት ያን ገጽ አንብቡ።

ከሁሉ አጥብቄ የማሳስባችሁ ውጤቱ ጥሩ ሲሆንም እንድታነቡት ነው። የድብልቁ ቀመር ከሚፈለገው ጥንካሬ ከፍ ተደርጎ ስለሚታቀድ፣ ባልዲው ተጨምሮበትም ናሙናው ብዙ ጊዜ ያልፋል። ያኔ መሐንዲሱ ውሃ መጨመር ጉዳት እንደሌለው «ይማራል»፤ በሚቀጥለው ሙሌት ሁለት ባልዲ ይፈቅዳል። ወድቆ የተመለሰ ናሙና ቢያንስ ያስደነግጣል፣ ያለፈው ግን መጥፎ ልማድን እንደ ልምድ ያስቆጥራል። ደብተራችሁ ላይ «ጠርጥሬ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ናሙናው ቢያልፍም ያን ቀን እንደ ስህተት ቁጠሩት።

በሳምንቱ መጨረሻ ገጾቹን ስታገላብጡ አንድ ጥርጣሬ ተደጋግሞ ካገኛችሁ ከፎርማኑ ጋር ተነጋገሩበት፤ ሙሌቱን ማለዳ መጀመር ወይም ጠጠሩን ከፀሐይ መከለል ይበቃ ይሆናል።